የድንጋይ ጠራቢው ቤትና አዲሱ ግብር

አንድ ድንጋይ ጠራቢ ነበረ። ይኄይስ ልጄ፣ ስለ አዲሱ የቤት ሽያጭ ግብር ለጠየቅኸኝ ጥያቄ ከራሴ አውጥቼ የምሰጥህ መልስ የለኝም። የዚህን ሰው ነገር ግን አባቴ ነግሮኛል፤ እኔም እነግርሃለሁ። «ግብሩ የሚወድቀው በገዢው ላይ ነው ወይስ በሻጩ?» ነው ያልኸኝ። እንግዲያው ስማኝ።

ይህ ሰው በአንዲት የገበያ ከተማ ይኖር ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ለሰው ቤት ድንጋይ ሲጠርብ ኖሮ፣ አንድ ዓይኑን የድንጋይ ፍንጣሪ ወሰደበት። ሁለተኛውም እየደከመ ሄደ። ድንጋይ በግምት አይጠረብምና መዶሻውን አስቀመጠ። ሚስቱንም «ወደ ትውልድ አገሬ፣ ወደ ወንድሜ ዘንድ እንሂድ፤ ትልም ለመከተል አንድ ዓይን ይበቃል» አላት። ቤታቸውን ሸጠው እዚያ ጎጆ ሊቀልሱ፣ ጥማድ በሬ ሊገዙና የቀረ ዘመናቸውን እያረሱ ሊኖሩ ተስማሙ።

ቤቱን የሠራው በገዛ እጁ ነው። ሰባት ዓመት ፈጅቶበታል፤ የሰው ሥራ በጨረሰ ቁጥር ከትርፍራፊው ድንጋይ እየለመነ፣ እያስተካከለ፣ እየደረደረ። ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ግቢ እንጂ ሌላ የለውም። ግድግዳው ላይ ግን የቢላ ጫፍ የምታስገባበት ስንጥቅ አይገኝም ነበር። ሰው በዚያ ሲያልፍ ቆም ብሎ ያየው ነበር ይባላል።

ቤቱን ልትገዛ የመጣችው አንዲት በርበሬ ነጋዴ ናት። ባሏ ሞቶባት ከአሮጊት እናቷና ከሦስት ልጆቿ ጋር በኪራይ ትኖር ነበር። በአህያዋ ከቆላ በርበሬ እየጫነች ታመጣና በከተማው ገበያ ትቸረችራለች። ዐሥራ አንድ ዓመት ለቤት መግዣ አጠራቅማለች። አሁን ደግሞ አከራይዋ «ልጄን ልድር ነው፤ ቤቱን እፈልገዋለሁ፤ ሰኔ ሳይገባ ልቀቂልኝ» ብሏታል። በክረምት ደጃፍ ላይ አሮጊትና ሕፃናት ይዞ ቤት መፈለግ ምን እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ።

ድንጋይ ጠራቢው ዋጋውን «ሁለት መቶ ብር» ብሎ ጠራላት።

ሴትዮዋ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰችው። «አባቴ፣ ይህ ቤት ሁለት መቶ ይገባዋል፤ አልከራከርዎትም። ግን ዛሬ በእጄ ያለው መቶ አርባ ነው። የሚሞላልኝ የዕቁብ ዕጣዬ ሲደርስ ነው፤ እሱም ከግንቦት ልደታ በኋላ ነው። ይጠብቁኛል?» አለችው።

«እጠብቅሻለሁ» አላት። «ሁለት መቶ ብር ይዘሽ የመጣሽ ቀን ቤቱ ያንቺ ነው። በሁለት መቶ ትገቢበታለሽ።»

ቀብድ አልተቀበላትም፤ ወረቀትም አልተጻፈም። ሚስቱ ብቻ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አዋጅ ወጣ። የከተማው ሹም በገበያ ቀን ነጋሪት አስጎስሞ «ምንጫችን ደርቋል። ከተራራው ውሃ ስቦ ለማምጣት ገንዘብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከሚያዝያ ጊዮርጊስ ጀምሮ ቤት የሚገዛ ሁሉ ከዋጋው ከዐሥር አንዱን ለከተማው ግብር ይክፈል» አሰኘ። አዋጁ ክፉ አልነበረም። ሴቶቹ ውሃ ለመቅዳት ግማሽ ቀን ይሄዱ ነበርና ብዙ ሰው «ደግ ነው፣ ይሁን» አለ።

ነገር ግን እስከ ሚያዝያ ጊዮርጊስ ሠላሳ ቀን ነበረ፤ ያ ሠላሳ ቀን ከተማዋን አሳበዳት። ቤት ለመግዛት ያሰበው ቀርቶ ያላሰበውም «ግብሩ ሳይመጣ፣ ግብሩ ሳይመጣ» እያለ ተሯሯጠ። ጓዳውን ሳያይ፣ ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ሳይጠይቅ የገዛ ሰው አለ። መቶ ብር ያወጣ የነበረው ቤት መቶ ሠላሳ ገባ። ልብ በል ልጄ! ዐሥር ብር ግብር ለማምለጥ ሠላሳ ብር ይጨምሩ ነበር። በሩጫ መካከል ቆሞ የሚያሰላ ሰው ጥቂት ነው።

ከሁሉ አብልጦ የሮጠው አንድ ሀብታም ነበር። ከዚያ በፊት ሦስት ቤት ነበረው፤ በዚያ ወር አራት ጨመረ። «ግብሩ ከጀመረ በኋላ ዋጋ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም፤ ያን ጊዜ እሸጣለሁ» ብሎ አስቧል። አንድ ቀን ብሩን በከረጢት አሸክሞ ወደ ድንጋይ ጠራቢው ቤት መጣ።

«በስንት ልትሸጠው ነው?» አለው።

«በሁለት መቶ ተነጋግሬበታለሁ ጌታዬ።»

«ሁለት መቶ ስልሳ ይኸው። ዛሬውኑ ጸሐፊ ዘንድ እንሂድ።»

«ቤቱ ቃል አለበት።»

«ቀብድ ተቀብለሃል?»

«አልተቀበልሁም።»

«ታዲያ ምን ቃል አለው? ቃል ቀብድ አይደለም።»

«ለእኔ ነው» አለ ድንጋይ ጠራቢው፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና በሩን ከፈተለት።

ሀብታሙ ከወጣ በኋላ ሚስቱ ተቆጣች። እኔ አልፈርድባትም። ስልሳ ብር ማለት ለእነሱ ጥማድ በሬ፣ በላዩም የምትታለብ ላም ነው። «ቃልህን ነው ጠምደን የምናርሰው?» አለችው። «ሴትዮዋ እንኳ ገንዘቧ አልሞላም። ሳይሞላ ቢቀርስ? ሰኔ ሲገባ እሷም የለች፣ ሀብታሙም የለ፣ እኛም እዚሁ ቁጭ ልንል ነው?»

ባሏም «ልክ ነሽ» አላት። «ልክ ነሽ፤ ግን እጠብቅሻለሁ ብያታለሁ።»

ወሬ መቼም እግር አለው። በሦስተኛው ቀን ሴትዮዋ ራሷ መጣች። በዚያ መካከል ዕጣ እንዲለውጧት የዕቁቡን ሰዎች አንድ በአንድ ስትለምን ሰንብታ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ግን ገንዘቡን ሁሉም ለራሱ ፈልጎታልና የሰማት የለም። ተቀመጪ እስኪሏት እንኳ አልጠበቀችም።

«አባቴ፣ ሁለት መቶ ስልሳ ሰጥተውዎት እምቢ አሉ ሲሉ ሰማሁ። በእኔ ምክንያት አይጎዱ። የሰጡኝን ቃል መልሼልዎታለሁ፤ ይሽጡት» አለችው። እጆቿ ነጠላዋን አጥብቀው ይዘውት ነበር።

«የሰጠሁትን መልሼ አልቀበልም» አላት።

ሚስቱ ይህን ስትሰማ ወደ ጓዳ ገባች። እዚያ ሆና ምን እንዳሰበች አባቴ አልነገረኝም።

ድንጋይ ጠራቢው «ቤቱን አሁን ውሰጂና ዕቁብሽ ሲደርስ ትሞይልኛለሽ» ሊላትም ፈልጎ ነበር። ነገር ግን የከተማው ጸሐፊ ዋጋው በፊቱ ተቆጥሮ ካላለቀ ማኅተም አያሳርፍም፤ ሥርዓቱ እንዲያ ነበር። ስለዚህ ከመጠበቅ በቀር መንገድ አልነበራቸውም። ጠበቁም። ሚያዝያ ጊዮርጊስ ደረሰ፤ ግብሩም ጀመረ።

ከዚያ ወዲያ ምን ሆነ መሰለህ? የከተማው የቤት ገበያ በአንድ ቀን ጸጥ አለ። ለመግዛት የሮጠው ሮጦ ገዝቷል፤ የቀረው ደግሞ «ቆይ እስቲ፣ ዋጋው ይወርዳል» ብሎ ተቀመጠ። ሻጮች «ግብሩ የገዢ ነው፤ ከዋጋችን አንዲት ሳንቲም አንቀንስም» አሉ። ገዢዎች «ግብሩን እኛ ከከፈልን ዋጋውን እናንተ ቀንሱ» አሉ። ደላሎቹ ሥራ ፈትተው ግድግዳ ጥግ ፀሐይ ይሞቁ ጀመር። ሽያጭ ስለሌለ ግብርም አልተሰበሰበም፤ ከተራራው ውሃ ሊያመጡ የተቀጠሩት ቆፋሪዎች አካፋቸውን ጥለው ተቀመጡ።

በዚህ ጸጥታ መካከል አንድ ሁለት ሽያጭ ተደርጓል፤ አሁን የምነግርህን ልብ ብለህ ያዝልኝ። አንድ ሸማኔ ነበረ፤ ልጁ ታማበት ወደ ሩቅ አገር ሐኪም ሊወስዳት ቤቱን ሸጠ። ገዢው ሸማኔው መቸኮሉን አወቀበት። ግብሩ ዐሥራ አምስት ብር ቢሆን ከዋጋው ሠላሳ ብር አስቀነሰው። አዋጁ «ገዢ ይክፈል» ነበር የሚለው፤ የከፈለው ግን ሸማኔው ነው፤ ያውም እጥፍ አድርጎ። በሌላው ሠፈር ደግሞ አንዲት አራስ ነበረች፤ የምትኖርበት ቤት ግድግዳው ተደርምሶ ባሏ በቶሎ መግዛት ነበረበት። ሻጩ ችኮላውን አየና ግብሩን በሙሉ በእሱ ላይ ጣለ፤ በዋጋውም ላይ ጨመረበት። እንግዲህ አንድ አዋጅ፣ አንድ ከተማ፣ አንድ ሳምንት ነው። በአንዱ ቤት ሻጩ ተጎዳ፤ በሌላው ገዢው። ጎርፍ ሲመጣ የማን ቤት ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ዝቅ ወዳለው ደጃፍ ይገባል። ግብሩም በአዋጁ ላይ ስሙ ወደ ተጻፈው ሳይሆን መጠበቅ ወዳልቻለው ሰው ነበር የሄደው።

ግንቦት ልደታ አለፈ፤ የሴትዮዋ ዕጣ ደረሰ። ሁለት መቶው ሞላላት። ግብሩ ግን ሃያ ብር ነው፤ እሱ የላትም። ሰኔም ቀርቧል።

በዚያ ሰሞን አንድ ደላላ ወደ ድንጋይ ጠራቢው መጣና አጠገቡ ተቀመጠ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራ የፈታ ሰው ነበር። «አባባ፣ መላ አለኝ» አለው። «ወረቀቱ ላይ በመቶ ብር ተሸጠ ብላችሁ አጽፉ። ግብሩ ዐሥር ብር ብቻ ይሆናል። ጸሐፊው የሚቆጥረው መቶውን ነው፤ ሌላው መቶ ቤት ውስጥ ይሰጥዎታል። ማን ያያል?»

«ነገ እኔ ብሞት» አለ ድንጋይ ጠራቢው፣ «ከዘመዶቼ አንዱ መጥቶ ‹ይህ የወገኔ ቤት ነው፤ በመቶ ብር ነው የገዛሽው፤ መቶ ብርሽን ይዘሽ ውጪ› ቢላት ምን ታሳያለች? ወረቀቱ መቶ ነው የሚለው። ቤቱን ስሸጥላት ሙሉውን ልሽጥላት እንጂ ግማሹን ለውሸት አልተውም። ደግሞስ የውሃው ገንዘብ አይደለም?»

«እርስዎ ከዚህ ከተማ ሊሄዱ ነው አባባ። ያንን ውሃ አይጠጡትም።»

«አልጠጣውም፤ እውነት ነው።»

ደላላው ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው ሁለተኛውን ልንገርዎ። ምንም አይቀንሱላት። እርስዎ ይህን ክረምት እዚሁ ከርመው በጥቅምት ቢሸጡት ምንም አይሆኑም፤ እሷ ግን ዐሥራ አምስት ቀን የላትም። ከየትም ብላ ሃያውን ታመጣለች። የቸኮለ ሰው ያገኛል።»

ይኄይስ፣ ደላላው እውነቱን ነበር የተናገረው። ከየትም ብላ ልታመጣው ነበር።

በማግሥቱ የድንጋይ ጠራቢው ሚስት ወደ ገበያ ወረደች። ስትመለስ ዘንቢሏ ባዶ ነው፤ የሄደችበትን ሳትገዛ ነው የመጣችው። ባሏ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች።

«ምን ሆንሽ?» አላት።

«በርበሬ ነጋዴዋን አየኋት። በርበሬዋን ጠርጋ በጅምላ ሸጠችው። አሁን ደግሞ ከአህያ ነጋዴ ጋር ዋጋ ትነጋገራለች።»

«አህያዋን?»

«አህያዋን። ነገ ጸሐፊው ዘንድ እንድታመጣለት ተስማምተዋል። የአህያዪቱን ጥርስ ሲቆጥር፣ እግሯን ሲያነሣ አየሁ። ሴትዮዋ ፊቷን አዙራ ነበር የቆመችው።» ባዶ ዘንቢሏን ወደ ጎን አደረገች። «አንተ ሰውዬ፣ ያን ጊዜ ስለ ስልሳው ብር ተቆጥቼህ ነበር። ልክ ነሽ ብለኸኝ ነበር። ልክ ነበርሁ፤ አሁንም ድሆች ነን። ግን ያ ገንዘብ በሬ ቢገዛልን፣ ሲያርስ ባየሁት ቁጥር የእሷ አህያ ነው የሚታየኝ። ቤቱን ሰጥተን መብያዋን ከነጠቅናት ምን ሰጠናት?»

ድንጋይ ጠራቢው እጇን ይዞ ብዙ ቆየ ይባላል።

በነጋታው ጠዋት ሦስቱም ጸሐፊው ዘንድ ተገናኙ። ውጭ ደጃፉ ላይ የአህያ ነጋዴው ቆሟል፤ የአህያዪቱ ገመድ በእጁ ነው፤ ገንዘቡን ሳይሰጥ ቀድሞ ገመዱን ይዟል። ሴትዮዋ ሁለት መቶውን በጸሐፊው ፊት ዘረገፈች። ጸሐፊው ዐሥር ዐሥር አድርጎ ቆጠረና «ሙሉ ነው» አለ። ከዚያም ቀና ብሎ «የግብሩ ሃያ ብርስ?» አላት።

«ዐሥሩ ይኸው» ብላ ከነጠላዋ ጫፍ ፈታ አስቀመጠች። «ዐሥሩን ውጭ ከቆመው ነጋዴ ተቀብዬ አሁን እመጣለሁ።»

ልትወጣ ስትል ድንጋይ ጠራቢው «ቆዪ ልጄ» አላት። ከዚያም ከተቆጠረለት ሁለት መቶ ላይ ሁለቱን ክምር በመዳፉ ወደ ጸሐፊው ገፋ አደረገ። «ሃያው ይኸው፤ ግብሩ ተከፈለ። የራስሽን ዐሥር ብር አንሺ» አላት።

ጸሐፊው ግራ ገባው። «አባባ፣ አዋጁ ገዢ ይክፈል ነው የሚለው።»

«አዋጁ ግብሩ ይከፈል ይላል፤ እየተከፈለ ነው። እኔ ይህችን ሴት በሁለት መቶ ትገቢበታለሽ ብያት ነበር። በሁለት መቶ ሃያ አላልኋትም። አዋጁ ከወጣ በኋላ የኔ ቃል ዋጋው ከፍ አለ፤ ያ የኔ ዕዳ እንጂ የእሷ አይደለም።»

ሴትዮዋ ዐሥር ብሯን ከማንሣት ይልቅ በጣቷ ወደ ጸሐፊው አስጠጋችው። «አባቴ፣ ይህን አላደርገውም» አለችው። «ውሃው ለማን ነው የሚመጣው? እርስዎ አገርዎ ሊገቡ ነው፤ እንስራ ተሸክመው ከዚያ ቧንቧ አይቀዱም። የምጠጣው እኔ ነኝ፤ ልጆቼ ናቸው። የምጠጣውን ውሃ ሌላ ሰው ከፍሎልኝ አንገቴን ደፍቼ አልቀዳም።»

«አህያሽስ?»

«አህያዬን እንግዲህ...» ብላ ወደ ደጃፉ ተመለከተች።

«አህያሽን ካልሸጥሽ ስንት አለሽ?»

«ይኸው ዐሥር ነው።»

«እንግዲያው ዐሥሩ ያንቺ፣ ዐሥሩ የኔ። አንቺም ውሃሽን ከፈልሽ፣ እኔም ቃሌን ከፈልሁ።» ይህን ብሎ አንዱን ክምር ወደ ራሱ መለሰ፤ የእሷን ዐሥር በቦታው አደረገ።

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠና ሳቀ። የማፌዝ ሳቅ አልነበረም። «ከሚያዝያ ጊዮርጊስ ጀምሮ እዚህ ተቀምጬ ስንቱ ግብር አልከፍልም ብሎ ሲሟገት አየሁ» አለ። «ልክፈል፣ እኔ ልክፈል ብሎ የሚሟገት ሰው ግን ዛሬ ማየቴ ነው።» ከዚያም ወረቀቱ ላይ ሙሉውን ሁለት መቶ ጽፎ ማኅተሙን አሳረፈ።

የድንጋይ ጠራቢው ሚስት ማኅተሙ ሲያርፍ አልጠበቀችም። ወጥታ ገመዱን ከአህያ ነጋዴው እጅ ተቀበለችና ለበርበሬ ነጋዴዋ አስረከበቻት። ነጋዴው ትንሽ አጉረምርሞ ሄደ።

ሰኔ ሳይገባ ሴትዮዋ እናቷንና ልጆቿን ይዛ ገባች። በዚያ ክረምት በርበሬ ለመጫን ቆላ መውረድ ከባድ ነበር፤ አንድ ወር ያህል በሽሮ ብቻ አሳለፉ። ግን ጣሪያቸው አላፈሰሰም፤ አህያዪቱም በግቢያቸው ታስራ ትታይ ነበር። ጭቃው ሲደርቅ ሥራዋን ቀጠለች።

ባልና ሚስቱ ወደ አገራቸው ሄዱ። ጎጆውን ቀለሱ፤ በሬ ገበያ ሲወጡ ግን የቀራቸው ገንዘብ ለጥማድ አልበቃም። ግማሽ በሬ አይገዛምና አንድ በሬ ብቻ ገዝተው ተመለሱ። በዚያው መንደር አንድ በሬ ብቻ ያለው ሌላ ገበሬ ነበረና መቀናጆ ሆኑ፤ አንድ ቀን የእሱን፣ አንድ ቀን የእነሱን እያረሱ ከረሙ። ሀብታም ሆኑ አልልህም፤ አልሆኑም። መከራቸውን ሲቆጥሩ ግን ያን ቀን በጸሐፊው ፊት የተገፋውን ዐሥር ብር ከመከራቸው ጋር ቆጥረውት አያውቁም።

ጸሐፊው ግን ዝም ማለት አልቻለም። ሻጭና ገዢ በግብር ሲጨቃጨቁ በመጡበት ቁጥር «አንድ ድንጋይ ጠራቢ ነበረ...» ብሎ ይነግራቸው ጀመር። መጀመሪያ ሳቁ። ኋላ አንዱ አፈረና ግማሹን ቻለ፤ ሌላው እሱን አይቶ ቻለ። ማንም ሳያዝዝ የከተማው ልማድ ሆነ፤ ግብሩ ከሁለት ይከፈላል። ገዢዎች ተመለሱ፤ ደላሎች ከግድግዳው ጥግ ተነሡ፤ ቆፋሪዎቹም አካፋቸውን አነሡ። ሀብታሙ ብቻ «አንዲት ሳንቲም አልቀንስም» ብሎ ሁለት ክረምት ጠበቀ። መጠበቅ ይችላልና። በተዘጉት ቤቶች ግን ምስጡ ገባ፤ ዝናቡም ገባ። በሦስተኛው ዓመት ከገዛበት በታች ሸጣቸው። በዚያ ዓመት ውሃው መጣ።

እንግዲህ ወደ አንተ ልመለስ። የአክስትህን ቤት ለዚያች ነርስ ልትሸጥላት በታኅሣሥ ተነጋግራችኋል። ዋጋም ቆርጣችኋል። አዲሱ ግብር ከዚያ በኋላ መጣ፤ እሷም «ወንድሜ፣ እባክህ ግማሹን ቻልልኝ» አለችህ። አንተ ደግሞ ወደ እኔ መጥተህ «ሕጉ የጣለው በገዢ ላይ ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?» አልኸኝ። ስለ ሕጉ አልከራከርህም፤ ጠበቃ ብታማክር «ትክክል ነህ» ይልሃል። የድንጋይ ጠራቢው ሚስትም ያን ቀን ትክክል ነበረች፤ ደላላውም ትክክል ነበረ። ትክክል የሆነ ሰው በዚያ ከተማ ሞልቶ ነበር፤ ገበያው ግን ተዘግቶ ነበር።

የጠየቅኸኝ ‹ግብሩ የማን ነው?› ብለህ ነው። በአዋጅ ላይ የገዢው ነው። በገበያ ላይ የቸኮለው ሰው ነው። አንተ የምትኖርበት ቤት አለህ፤ ደመወዝ አለህ፤ የአክስትህ ቤት ዓመት ተዘግቶ ቢውል ራት አይቀርብህም። እሷ ግን በዚህ ወር መጨረሻ የኪራይ ቤቷን ትለቃለች፤ አንተው ነህ የነገርኸኝ። ስለዚህ ዝም ብትል ግብሩ ያለ ጥርጥር በእሷ ላይ ይወድቃል፤ አንተም አንዲት ጣት አታነሣም። ድንጋይ ጠራቢው አንተ ነህ ልጄ፤ ሀብታሙም አንተ ነህ። መጠበቅ የሚችል ሰው ሁለቱንም መሆን ይችላል፤ አንዱን መምረጥ ነው የሚቀረው።

ይህን ስነግርህ ስልክህ ሁለት ጊዜ ጠራ፤ ስሙን አየህና ገለበጥኸው። አሁን ሦስተኛ ጊዜ እየጠራ ነው። እሷ ናት መሰለኝ።

አንሣው።